ከሚቀጥለው ክረምት በፊት አንድ ጣራ

እንደምን አደራችሁ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። በእሁድ ጠዋት ታክሲ ጠብቃችሁ ልጅ አዝላችሁ እስከ ቱሉ ዲምቱ የመጣችሁ ሁሉ በጣም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ አናጢያችን ደግሞ ጉልበታቸውን እያመማቸው ከሁላችንም ቀድመው ነው የደረሱት፣ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

ሪፖርቱንና ሂሳቡን ጸሀፊያችንና ገንዘብ ያዣችን ስለሚያቀርቡት እኔ እሱ ውስጥ አልገባም። ማውራት የምፈልገው ስለ ጀልባችን የኋላ ጥግ ነው። መስከረም ላይ ላስቲኩን ስንገልጠው ያቺ ጥግ ጠቁራ ነበር፣ የቢላ ጫፍ ስናስነካት እንደ ዳቦ ገባ። እኔ እውነቱን ልንገራችሁ ያን ቀን ቤቴ ስገባ እራት አልበላሁም።

አዲስ አባላት ስላላችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ጀልባዋ የተሰራችው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፣ በስፌትና በሙጫ። ይሄን ዘዴ እንግሊዞች በነሱ አቆጣጠር በ1962 ሚረር የምትባል 3 ሜትር ከ30 የምትሆን ባለ ሸራ ጀልባ ሲያወጡ ነው በሰፊው ያስለመዱት፣ ኮምፔንሳቶው በልኩ ይቆረጣል፣ ጠርዝ ለጠርዝ ይበሳል፣ በመዳብ ሽቦ እንደ ልብስ ይሰፋል፣ ከዛ መገጣጠሚያው ላይ ፋይበር ግላስና ሙጫ ይለበጣል። ተራ ሰው ቤቱ እንዲሰራት ታስባ ነው የተነደፈችው፣ ከ70,000 በላይ ተሰርታለች። እኛም በዚሁ መንገድ ሄድን፣ ሽቦውን ከመርካቶ የኤሌትሪክ ገመድ ገዝተን እየላጥን አወጣን።

ኮምፔንሳቶው ላይ ግን ብዙ ተከራክረን ነበር አስታውሳችኋል አይደል፣ ለጀልባ ተብሎ የተሰራውን እዚህ ስላላገኘን ከየሱቁ ቁራጭ ለምነን ከሰል ምድጃ ላይ እየቀቀልን ነው የመረጥነው። ተቀቅሎ ደርቆ ንብርብሩ ካልተላቀቀ ሙጫው ውሃ ይችላል ማለት ነው፣ ከተላቀቀ በቃ ለቁም ሳጥን ይሁን። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ አንድ ሰዓት የሚባለውን እኛ ሶስት ሰዓት ነው የቀቀልነው፣ ያኔ እኮ የጎረቤት ልጆች ምን ወጥ ነው እያሉ ይመጡ ነበር። የሸራዋን ምሰሶ ደግሞ ከባህር ዛፍ ልናወጣ ስንል ጋሼ ናቸው እምቢ ያሉት፣ ሲደርቅ ይጣመማል ይሰነጠቃል ብለው። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ጥድ አገኙልን። ጥድን ምስጥም እርጥበትም ቶሎ አይደፍረውም፣ ከጫካ ልቁረጥ ቢሉ ግን ክልክል ነው፣ መከልከሉም ልክ ነው፣ ስለዚህ ያ ምሰሶ ተኪ የለውም፣ በዚህ አይን እዩት።

እና ጥጓ ለምን በሰበሰች? እንጨትን የሚበላው ፈንገስ ነው፣ ፈንገሱ ደግሞ ስራ የሚጀምረው የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ ከፍ ሲል ነው፣ አየርም ይፈልጋል። ጨው አይወድም፣ ለዛ ነው ባህር ላይ ያሉ ሰዎች የእንጨት ጀልባቸውን ወለል በባህር ውሃ የሚያጥቡት። ዝናብ ግን ጨው የለውም፣ የእንጨት ጀልባ ጠላት ከላይ የሚመጣው ውሃ ነው። እኛ የመሪውን ማጠፊያ ቦታ ስንቀይር አዲስ ቀዳዳ በሳን፣ ቪቴ አስገባን፣ የቀዳዳውን ውስጥ ሳንደፍን ሄድን። ኮምፔንሳቶ በፊቱ ጠንካራ ነው በጠርዙ ግን እንደ ስፖንጅ ነው የሚመጠው። ከዛ ሰኔ ላይ ላስቲክ አልብሰን አጥብቀን አሰርናት፣ በዛች ቪቴ የገባው ውሃ መውጫ አጣ፣ ሶስት ወር ሙሉ ታፈነ። አስራችሁ ሂዱ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው።

ጥገናውን ጋሼ ከሁለት ልጆች ጋር ጨርሰውታል። የተበላሸው እንጨት ሲመታ ድምጹ ድብን ያለ ነው፣ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ እየመቱ ጤነኛው ድረስ ቆርጠው አወጡት። አዲሱን ቁራጭ ሲቀጥሉት የመገጣጠሚያውን ጠርዝ የውፍረቱን ስምንት እጥፍ ርዝመት አድርገው ነው ያጋደሉት፣ ለ6 ሚሊ ሜትሩ 48 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፣ ሙጫው ሰፊ መያዣ እንዲያገኝ። የቪቴውንም ቀዳዳ አስፍተው በስተው በኢፖክሲ፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክረው ሙጫ፣ ሞልተው ሲደርቅ መሀሉ ላይ እንደገና በሱት፣ አሁን ቪቴው የሚነካው ሙጫ እንጂ እንጨት አይደለም። ሁሉም ቀዳዳ እንደዚህ ይሁን፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም እላለሁ። ኢፖክሲውን ደግሞ በሚዛን እንጂ በአይን አትቀላቅሉ፣ ጠዋት በብርድ አትቀቡ፣ ረፈድ ሲል ፀሀይ ሲሞቅ ነው ደህና የሚይዘው፣ ሲደርቅ ላዩ ላይ የሚቀረውን ቅባት የመሰለ ነገር በውሃ አጥባችሁ ነው የሚቀጥለው የሚቀባው። ፀሀይ ላይ ራቁቱን አይቀመጥም፣ እዚህ ከፍታ ላይ ፀሀዩ ይበረታል፣ ቀለም ወይ ቬርኒሽ ይልበስ።

ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፉትን አይታችኋል መቼም። ታንኳው ደንገል ስለሆነ ውሃ ይመጥጣል፣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከውሃ ሲወጡ አውጥተው ያቆሙታል እንዲደርቅ። በቃ ሁሌ እንደዛ ነው። እኛም አባቶቻችን የሚያውቁትን ነገር ነው የረሳነው።

ስለ ውሃው አንድ ነገር ልበል። ለዚህ ግቢ ቅርባችን አባ ሳሙኤል ነው፣ ከሀገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ሀይል ማመንጫዎች አንዱ የነበረበት ሀይቅ፣ የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ እያመጣ ይጥልበታል፣ እምቦጩም አለ፣ ልጅ ይዤ እዛ ውስጥ አልገባም። በዛ ሳልፍ ባየሁት ቁጥር ያመኛል። ለዛ ነው በአይሱዙ ጭነን ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሀይቅ ድረስ የምንሄደው። እዛ ጠዋት ውሃው መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነው ነፋሱ የሚነሳው፣ ሀይቁ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆነ ነፋሱ ከአፋፉ ላይ እየወደቀ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዛ ይመታል፣ ስለዚህ የሸራውን ገመድ ከእጃችሁ አትልቀቁ ብረት ላይም አትቋጥሩ። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባህር ዳርቻው ወደ 17 በመቶ ይሳሳል፣ እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስ ሸራችንን የሚገፋው በዛው ልክ ቀንሶ ነው፣ አልሄድ ስትላችሁ ሸራው ተበላሸ ብላችሁ አትጨነቁ። ላይፍ ጃኬት ያላደረገ አይሳፈርም፣ ከ60 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው።

አሁን የምጠይቃችሁን ልንገራችሁ። ከሰኔ በፊት ከዚህ ግቢ ጀርባ ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጣራ እናቁም፣ ጀልባዋ ሁለት ግንድ ላይ ተገልብጣ ከስሯ አየር እየገባ እንድትከርም። ላስቲክ ከእንግዲህ ይቅር። ቆርቆሮና ሚስማር ከመዋጮው እንገዛለን፣ ቋሚውን አንድ አባላችን እሰጣለሁ ብሏል፣ ጉልበት የኛ ነው፣ ሁለት ቅዳሜ ይበቃናል። ሁለተኛ፣ በክረምት ሁለት ሁለት ሰው እየሆንን በየ15 ቀኑ ተራ እንግባ፣ መጥቶ አይቶ፣ በቢላ እጀታ ጠርዙን መትቶ፣ ያየውን ደብተር ላይ ጽፎ ይሂድ። ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው። የመጀመሪያውን ተራ እኔ ወስጃለሁ፣ ከኔ ጋር የሚሆን አንድ ሰው እፈልጋለሁ፣ ከአዲሶቹ ቢሆን ደስ ይለኛል ምክንያቱም ድምጹን በጆሮ ሰምቶ ነው የሚለመደው።

ደብተሩ እዛ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከቡናው አጠገብ፣ ስማችሁን ጻፉበት። ጸሀፊያችን፣ ሪፖርቱን ቀጥይ።