ማህተሙ እዚህ ይደር

(ጅማ ዙሪያ፣ በአንድ ገጠር ቀበሌ የአዲስ ጽሕፈት ቤት ምረቃ ላይ የቀረበ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ክቡራን እንግዶች፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እዚያ ዋንዛው ሥር የቆማችሁ ወጣቶች።

የቀበሌያችንን መልክዓ ምድርና ታሪክ በአስር ደቂቃ ተናገር ተብያለሁ። መልክዓ ምድሩን ከእኔ ይልቅ እግራችሁ ያውቀዋል። ከላይ ቡናው፣ ከታች ረባዳው፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ የማዶ ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ። ያው ውሃ ግልገል ጊቤ ገብቶ የመጀመሪያውን ግድብ፣ የ184 ሜጋ ዋቱን፣ ተርባይን ያዞራል። እኔ ይህን ንግግር የጻፍኩት በሶላር መብራት ነው። እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ታሪኩም ሩቅ ነው። አያቶቻችን ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ነበሩ። በአባ ጅፋር ዘመን አገሩ ቆሮ በሚባሉ 60 ግዛቶች ተከፍሎ በየቆሮው አባ ቆሮ፣ ከሥሩም አባ ገንዳ ይሾም ነበር። አባ ገንዳው ጎረቤት ነው። ጠብ ሲነሳ ጩኸቱ እቤቱ ድረስ ይሰማዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አንድ የገበሬ ማህበር ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር፣ ይዞ ይቋቋም ተባለ። እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። የእድገት በህብረት ዘማች ተማሪዎች መሬቱን ሲለኩ የገመዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ። የመጀመሪያው ሊቀመንበራችን ፊደል አልቆጠሩም። ማህተሙን በጨርቅ ቋጥረው ጎተራ ውስጥ በቆሎው ላይ ያስቀምጡታል። ማታ በራቸው ሲንኳኳ ኩራዝ ለኩሰው እኔን ያስጠሩኛል። «አንብብ፣ አትዝለል» ይላሉ። እስከ መጨረሻው ሳይሰሙ አይመቱም። ቀለሙ ደርቆ እንደሆነ ውሃ ጠብ ያደርጉበታል። ወረቀቱ ላይ የበቆሎ ገለባ ተጣብቆ ይወጣ ነበር።

በዚያው ማህተም ልጆቻችን ለብሔራዊ ውትድርና ሄደዋል፤ በመንደር ምስረታም ቤታችን ፈርሷል። አልረሳሁም። ግን የመታብንን ሰው ደጁን እናውቀው ነበር፤ ሄደን እናለቅስበት ነበር።

አሁንስ? ባለፈው ዓመት እናቴ ታመመች። የጤና መድን ደብተሯን ለማሳደስ አንዲት ደብዳቤ ከዚህ ቀበሌ ያስፈልገኝ ነበር። ሰኞ መጣሁ፤ ቢሮው ዝግ ነው፣ ስብሰባ ተብሏል። ረቡዕ መጣሁ፤ መስክ ወጥተዋል። ዓርብ ደብዳቤው ተጽፎ አገኘሁት፤ ማህተሙ ግን ሥራ አስኪያጁ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ቦርሳውም ጅማ ከተማ ነው። እናቴን በቃሬዛ አስፋልት ድረስ አውርደን፣ እሷን ሚኒባስ ውስጥ ትቼ፣ ሰውየውን ካፌ ለካፌ ፈለግኩ። አገኘኋቸው። ደብዳቤውን ማኪያቶ የፈሰሰበት ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ መቱልኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ያ አመሰግናለሁ ያልኩት ነው!

ለአንድ ማህተም የትራንስፖርት የምንከፍል እኛ ነን? ይህ ሕንፃ እኮ ድንጋዩ በእኛ አህያ፣ አሸዋው በእኛ ጀርባ የመጣ ነው። ግድግዳው የቆመው ፎቶ ሊሰቀልበት አይደለም! የጤና ኤክስቴንሽን ልጆቻችን በጭቃ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ የቀበሌው ማህተም ለምን ከተማ ለከተማ ይዞራል?

የድልድዩ ነገር አለ፤ ለወረዳው በጽሑፍ አቅርበናል። የወጣቶች መታወቂያም አለ። የጤና ኬላው ውሃም እንደዚያው። ጊዜ የለኝም፣ ምልክት እየተሰጠኝ ነው።

የዛሬው ሥራ አስኪያጃችን አዲስ ናቸው፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ቦርሳቸውም ጉልበታቸው ላይ ነው፣ አየዋለሁ። በሩ ቁልፍ አለው፣ ውስጡ የብረት ሳጥን ገብቷል፣ ዘበኛም ተቀጥሯል። እንግዲህ ሪባኑ ሳይቆረጥ በሕዝቡ ፊት ይንገሩን፦ ማህተሙ ዛሬ ማታ የት ያድራል?