ምድር ላይ የቀረው ዘር

ውድ ወላጆች፣ ባልደረቦቼ፣ የሳይንስ ክበባችን ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቲማቲም ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1984 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር የአውቶቡስ ያህል ግዝፈት ያለው ሳተላይት ህዋ ላይ ትታ ተመለሰች። ሳተላይቱ 12.5 ሚሊዮን የቲማቲም ዘር ይዞ ነበር። ዓመት ያህል ቆይቶ እንዲመለስ ነበር የታሰበው። ግን በ1986 ቻሌንጀር ከነሰባት ሰዎቿ ጠፋች፤ በረራም ቆመ። ዘሩ የተመለሰው በጥር 1990 ነው። ስድስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው።

ናሳ ዘሩን ለትምህርት ቤቶች አደለው። ሚሊዮኖች ተማሪዎች ዘሩት። አብዛኛውም በቀለ።

ልጆች ይህን ስነግራቸው «ቲማቲሙ ግዙፍ ሆነ?» ይሉኛል። አልሆነም። እኔን ግን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ከህዋው ዘር ጋር ምድር ላይ የቆየ ዘርም አብሮ ተልኮላቸዋል። እሱ ባይኖር ምን ሊታወቅ? ችግኙ ቢመዘዝ ከህዋው ጨረር ይሁን ከአፈሩ፣ ወይስ መስኮት ስር ስለተቀመጠ፣ በምን ይለያል?

እ.ኤ.አ. በ2016 ብሪታኒያ ውስጥ 600,000 ያህል ልጆች ደግሞ ሮኬት የሚባለውን የሰላጣ ቅጠል ዘሩ። 2 ኪሎ ዘር ስድስት ወር ጠፈር ጣቢያ ከርሞ ነበር። ፓኬቶቹ ቀይና ሰማያዊ ናቸው። የትኛው ከህዋ እንደመጣ ግን ለልጆቹ አልተነገራቸውም። ቢያውቁ ዓይናቸው ያዳላ ነበራ! በመጨረሻ የህዋው ዘር ትንሽ ዘገምተኛ ሆኖ ተገኘ። ይቺን ትንሽ ልዩነት ያገኟት በትዕግስት ስለቆጠሩ ነው።

እኛ ዘር ህዋ ድረስ መላክ አንችልም። መቁጠር ግን እንችላለን። አምና አንድ ተማሪዬ የሱ ኩባያ ስላልበቀለ አፍሮ ከጓደኛው ኩባያ ችግኝ ነቅሎ ተከለበት። አልተቆጣሁትም። ያልበቀለውም ይቆጠራል ብዬ ቀድሜ ያልነገርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ እነግራችኋለሁ፦ ያልበቀለም ይጻፋል።

ወላጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። ኩባያው ቤት ሲመጣ እናንተ ውሃ አታጠጡለት፤ ልጁ ራሱ በማንኪያ ለክቶ ያጠጣ። የቲማቲም ችግኝ ስትወጣ አንገቷን ደፍታ ነው። የዘሩን ቅርፊት እንደ ቆብ ቅጠሏ ጫፍ ላይ ትሸከማለች። ልጆች ማላቀቅ ያምራቸዋል። ተዉት በሏቸው፤ ራሷ ትጥለዋለች።

የእርጎ ኩባያዎቹ በሩ አጠገብ ተደርድረዋል። ግማሹ ዘር አንድ ወር ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ነው፤ ግማሹ መሳቢያ ውስጥ የቆየ። ቀይ ነጥብ ወይም ሰማያዊ ነጥብ አለባቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም። ነጥቡን የለጠፉት የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ ናቸው፤ መልሱንም ፖስታ ውስጥ አሽገው ይዘውታል። ፖስታውን በ21ኛው ቀን አብረን እንከፍተዋለን።