ለእነዚህ ልጆች የተጻፈ ዜማ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ከጅማ ነው የማወራችሁ። ከኋላ የምትሰሙት ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው፤ እስኪያባራ ብጠብቅ ዛሬ ሳልቀዳ እቀራለሁ።

የማወራው ለትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ አዲስ ድርሰት ስለማስጻፍ ነው። የእኛ ክበብ ትንሽ ነው። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ አንድ ኪቦርድ። ልጆቹ ሲጫወቱ የኖሩት የታወቁ ዘፈኖችን ነው። ዩቲዩብ ላይ ይሰሙና ይይዙታል። ጥሩ ሲጫወቱ "ልክ እንደሱ!" እንላቸዋለን። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ የሚመስሉት ሰው የሌለበትን ሙዚቃ እንዲጫወቱ ፈለግሁ።

ገንዘቡን ለማሰባሰብ ወላጆችን ጠራን። የመጀመሪያው ጥያቄ "ግጥሙስ?" የሚል ነበር። ግጥም የለውም ስንል አንዲት እናት "ታዲያ ምኑን ነው የምንሰማው?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኛ ጋ ሙዚቃ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ዘፈን ነው። እኔም ሙላቱ አስታጥቄን አነሳሁላቸው። በ1936 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። ቫይብራፎን በሚባለው፣ በዘንግ በሚመታ የብረት መሣሪያ የተጫወተውና ዓለም ያወቀው ሙዚቃው አብዛኛው ቃል የለውም። ሴትዮዋ ሳቅ ብለው መዋጮውን ሰጡ።

አንዱ አባት ስለ ቡና ይሁን አሉ፣ ሌላው ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ሁለቱም ደስ ይላሉ። ግን ርዕስ ጭናችሁ ደራሲ አትጥሩ ባይ ነኝ። ልጆቹን አሳዩት፣ ይበቃዋል።

የእኛ ደራሲ ምንም ሳይጽፍ ልምምድ ላይ መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ አንድ በአንድ እየጠራ "የምትወዱትን ተጫወቱልኝ" አላቸው። ማሲንቆ የምትጫወት የሰባተኛ ክፍል ልጅ አለችን። ፈጠን ያለ ነገር ሲመጣ ትደናገራለች። ረጅም ድምፅ ስትይዝ ግን ደጋኗ ንቅንቅ አይልም። የእሷ ቦታ በረጃጅም ድምፆች ተጻፈ። አሁን ሌሎቹ ሁሉ የሚደገፉት እሷ ላይ ነው።

ደራሲው ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት መሻገር ፈልጓል። ክራር ላይ ቅኝት መቀየር ደግሞ ክሮቹን እንደገና መቃኘት ነው። መድረክ ላይ፣ ሰው እያየ፣ ልጅ እጁ ይንቀጠቀጣል። ምን አደረገ? መሃል ላይ ለከበሮ ብቻ የሚሆን ክፍል ጻፈ። ከበሮው ሲመታ ክራሮቹ ጎንበስ ብለው ይቃኛሉ፣ የዋሽንቱም ልጅ ዋሽንቱን ይለውጣል። ተመልካች የሚሰማው ጥሩ ከበሮ ነው። ይህን ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ከየት ያመጣዋል? እነዚህን ልጆች ስላየ ነው የመጣለት።

ድምፅ ቀድተህ ላክልን ብዬም አልጠየቅሁትም። ኖታ የሚያነቡት ጥቂት ናቸው፤ ሌሎቹን እየተቀባበልን በቃል አስጠናናቸው። መጀመሪያ ሰሞን "ቲቸር፣ ልክ ነው?" ይሉኛል። የማወዳድርበት የለኝም። "እናንተስ ምን ይመስላችኋል?" እላቸዋለሁ። ቀስ በቀስ እርስ በርስ መደማመጥ ጀመሩ። አንድ ቀን ከበሮ መቺው "እዚህ ጋ ዝግ ብንልስ?" አለ። ዝግ አሉ። አማረ! ደራሲው ጋ ደወልን፤ ሰምቶ ኖታው ላይ አስተካከለው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አንድ ድርሰት ውስጥ እጁን አስገባ። ስለዚያ ልጅ ፊት ብዙ ማውራት እችላለሁ።

ይህን ማድረግ ለምትፈልጉ፣ ስለ ገንዘቡም ልንገራችሁ። ቀብድ ስጡ፣ ቀሪውን ሥራው ሲያልቅ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። አገራችን የቅጂ መብት አዋጅ አላት፤ ቁጥር 410/1996፣ በ872/2007 የተሻሻለ። መብቱ የማን እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ይጫወተው እንደሆነ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ቢጠይቅ ማን እንደሚፈቅድ ቀድማችሁ ተስማሙ። ስንት ደቂቃ፣ ለየትኞቹ መሣሪያዎች፣ መቼ እንደሚደርስም ይግባበት። ጀማሪ ደራሲም አትናቁ። በየከተማው ለክራርና ለማሲንቆ ለመጻፍ የጓጓ ወጣት አለ፤ የሚጠይቀው ነው ያጣው።

ድርሰቱ የሚቀርበው ዓመቱ መዝጊያ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ላይ የደራሲው ስም ይጻፋል፣ ከሥሩ የልጆቹ ስም በሙሉ፣ ዝግ እንበል ያለውም ጭምር። ጅማ ያላችሁ ኑና ስሙልን። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።