እውቅና የሚነፍግ መንግሥት ማንን ይፈራል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወጋችሁ ሰሞኑን ሲከነክነኝ ስለ ሰነበተ ጉዳይ ነው። አንድ መንግሥት ሌላውን «አንተ አገር አይደለህም» የሚለው ለምንድን ነው? ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጋቢት 2021 ስፔንና ኮሶቮ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሴቪያ ላይ ተጋጠሙ። ስፔን 3 ለ 1 አሸነፈች። እኔን የያዘኝ ግን ውጤቱ አይደለም፤ የስፔን ብሔራዊ ቴሌቪዥን ግቡን የሚያሳይበት ጥግ ነው። የስፔን ስም በትልልቅ የላቲን ፊደላት ሲጻፍ የኮሶቮ በትንንሹ ተጻፈ። አስቡት! ሃያ ሁለት ሰዎች በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሕግ እየተጫወቱ፣ የአንደኛው ወገን ስም ሆን ተብሎ እንዲያንስ ተደረገ። ስፔን ኮሶቮን አገር ብላ አልተቀበለቻትማ! ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ስፔን ከኮሶቮ ጋር ድንበር አትጋራም፤ ደምም አልተቃቡም። ኮሶቮ በየካቲት 2008 ነፃነቷን ያወጀችው ከሰርቢያ ነው። የማድሪድ ዓይን ያረፈው ግን በኮሶቮ ዋና ከተማ ፕሪሽቲና ላይ ሳይሆን፣ የመገንጠል ጥያቄ በሚነሳባት የስፔን ግዛት በካታሎኒያ ዋና ከተማ ባርሴሎና ላይ ነው። ያለ ማዕከላዊው መንግሥት ፈቃድ የተገነጠለን ግዛት አገር ብላ ከተቀበለች፣ ካታሎኖች ያንኑ ቃል መልሰው እንዳይጠቅሱባት ትሰጋለች። በ2017 ካታሎኒያ ማድሪድ የከለከለችውን ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ ስጋቱ መሠረት እንዳለው ታየ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ሰሜኗን የቱርክ ጦር የያዘባት ቆጵሮስም ለኮሶቮ እውቅና ነፍጋለች። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2010 የነፃነት አዋጁ ዓለም አቀፍ ሕግን አልጣሰም ሲል አስተያየት ቢሰጥም ሁለቱም ከአቋማቸው ንቅንቅ አላሉም። ጥያቄው ከመጀመሪያውም የሕግ አልነበረማ!

ይህን ስጋት አልንቀውም፤ በመገንጠል ጥያቄ ብዙ ደም የፈሰሰበት አካባቢ ሰው ነኝ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1964 ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የተወረሱት ድንበሮች እንዲከበሩ የወሰነው ያንን ፈርቶ ነው። ግን ጎረቤቶቻችንን ተመልከቱ። ኤርትራ በ1993 ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ የአዲስ አበባው መንግሥት ውጤቱን ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። ሶማሌላንድ በ1991 ነፃነቷን አወጀች፤ የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ፓስፖርት አላት፤ ፕሬዚዳንቶቿን በምርጫ ትቀይራለች። ሞቃዲሾ እሺ ስላላለች ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ በተባበሩት መንግሥታት መቀመጫ አላገኘችም። የሕዝብ ዕጣ በቀድሞው ባለሥልጣን ይሁንታ ላይ መንጠልጠሉ ፈጽሞ አይዋጥልኝም።

ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ተራው ሰው ነው። የኮሶቮዋ ጁዶ ተፋላሚ ማይሊንዳ ኬልሜንዲ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የተሰለፈችው ለአልባኒያ ነበር፤ አገሯ ገና በኦሊምፒክ ኮሚቴው እውቅና አላገኘችምና። በ2016 ሪዮ ላይ ግን ለኮሶቮ የመጀመሪያውን ወርቅ አመጣች። ስፔንም በ2024 የኮሶቮን ፓስፖርት መቀበል ጀመረች፤ ፓስፖርቱን ያተመውን መንግሥት ግን ዛሬም አላውቅም ትላለች።

ሐርጌሳ የምትኖሩ አድማጮች ካላችሁ፣ በሶማሌላንድ ፓስፖርት የሚጓዙ ወዳጆቻችሁ በየአየር ማረፊያው የሚገጥማቸውን ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ዝግጅት አነበዋለሁ።