ዶብሰንፍላይ፦ መንጋጋውን ተዉት፣ ጭራውን እዩ

ሰላም ሰላም! ዛሬ ስለ ዶብሰንፍላይ ነው፤ ልጅነቱን ውሃ ውስጥ በእጭነት (ገና ክንፍ ሳያወጣ) የሚያሳልፍ ትልቅ ባለክንፍ ነፍሳት ነው። «አዲስ የዶብሰንፍላይ ዝርያ ተገኘ» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ ግን አዲስ መሆኑ በምን ታወቀ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መልሱን ከመጀመሪያው ልስጣችሁ፤ በጭራው ነው። አዎ፣ በጭራው።

(ምስል፦ ከዶብሰንፍላይ ዓይነቶች አንዱ፣ ወንድ ኮሪዳለስ፣ መንጋጋውን ከፍቶ)

አሁን ዓይናችሁ የት እንዳረፈ አውቃለሁ። መንጋጋው ላይ! ከጭንቅላቱ በእጅጉ የሚረዝም፣ እንደ ሁለት ማጭድ የተጣመመ ነገር እያለ ጭራ ማን ያያል? ችግሩም እሱው ነው።

እስቲ የፊደል ገበታውን አስቡ። ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ፣ ቄ። እግራቸውን በጣታችሁ ሸፍኑና ራሳቸውን ብቻ እዩ። ሁሉም ያው ክብ ነው። ቁን ከቂ ማን ይለያል? ማንም! ልዩነቱ አንዲት ሰረዝ ናት። ወገቡ ላይ ከወጣች ካዕብ፣ እግሩ ሥር ከወረደች ሣልስ። እዚያው እግሩ ሥር ቀለበት ከሠራች ደግሞ ኃምስ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቀጥሉና ቁን ግድግዳ የሚያክል አድርጋችሁ ጻፉት። ቁ ነው። የሰሊጥ ፍሬ አሳክሉት። ቁ ነው። በቀይ ቀለም፣ በደበዘዘ እርሳስ፣ በዶክተር እጅ ጽሑፍ... እሺ፣ በዶክተር እጅ ጽሑፍ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰረዟን ግን ትንሽ ዝቅ ብታደርጓት ፊደሉ ሌላ ሆነ።

ዶብሰንፍላይም እንዲሁ ነው። መንጋጋው የፊደሉ መጠን ነው። እጩ ውሃ ውስጥ ዓመታት ሲቆይ ጥሩ ከበላ ትልቅ ወንድ ይወጣዋል፤ ካልበላ ትንሽ ወንድ፣ መንጋጋውም አጭር። መንጋጋ እየለካ የሚሄድ ሰው ትልቁን ቁ አንድ ዝርያ፣ ትንሹን ቁ ሌላ ዝርያ ብሎ ሁለት ስም ያወጣል። በኋላ አንድ መሆናቸው ሲታወቅ ዘግይቶ የወጣው ስም ይወድቃል። ሰረዟ ያለችው ጭራው ላይ፣ ማለትም ሆዱ ጫፍ ላይ ነው፤ 9ኛውና 10ኛው ክፍል ላይ ያሉት የወንዱ የመራቢያ አካላት ናቸው። ጫፋቸው ሹል ነው ወይስ ዱልዱም? መሃሉ ገባ ብሏል ወይስ ቀጥ ያለ ነው? ፊደሉ እንኳ ሰባት ላይ ይቆማል፤ ፕሮቶሄርመስ የሚባለው የዶብሰንፍላይ ወገን (የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች ስብስብ) ብቻ ከ60 በላይ ዝርያዎች አሉት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም አስተያየት መስጫው ሞልቷል። «ይሄ መንጋጋ ጣት አይቆርጥም ወይ?» አይቆርጥም! «መርዝ የለውም ወይ?» የለውም! «ታዲያ ለምንድነው እንዲህ የረዘመው?» ወንዶቹ እርስ በርስ ይታገሉበታል፤ ሴቷን ሲያባብሉም ክንፏ ላይ ያሳርፉታል። ወፍራም ጨርቅ በመቀስ ስትቆርጡ ጨርቁን ወደ መጋጠሚያው ታስገባላችሁ እንጂ በጫፉ አትታገሉም፤ አይደል? ጉልበቱ የሚመጣው ጭንቅላት ውስጥ ካለው ጡንቻ ነው። ጡንቻው ያው ሆኖ መንጋጋው ሦስት እጥፍ ቢረዝም፣ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ጉልበት ሲሶ ብቻ ነው። መፈራት ያለባት ሴቷ ናት፤ በአጭር ወፍራም መንጋጋዋ ደም ታወጣለች። እጩም ይነክሳል። ስለዚህ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ጣታችሁን ወንዱ አልያዘውም፤ ሰበብ የለም።

ደግሞ «ያ የቻይናው ግዙፍስ?» የምትሉ አላችሁ። ክንፉ ሲዘረጋ ከ21 ሴንቲሜትር የሚያልፈው አካንታኮሪዳሊስ ፍሩህስቶርፈሪ እ.ኤ.አ. በ1907 የተሰየመ ነው። ግዝፈቱ ዜና ሆነ እንጂ ዝርያው አዲስ አልነበረም። ትልቁ ቁ!

እሺ፣ ወደ ሥራው። ፈጠን እላለሁ፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ማታ ወራጅ ውሃ አጠገብ ነጭ ጨርቅ ወጥራችሁ በአልትራቫዮሌት መብራት ትይዛላችሁ። ቢጫው ቀለም ስለሚደበዝዝ ፎቶው ቶሎ ይነሳ። አንድ እግር ለዲኤንኤ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ። ነፍሳቱን ለማስቀመጥ ስትሰኩት መርፌው ከመሃለኛው ደረት ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ይገባል፤ ግራው ጎን ሳይነካ ይቆያል። ቀጥሎ የሆዱን ጫፍ ቆርጣችሁ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ትጨምራላችሁ፤ 10 ግራሙን በውሃ አሟሙታችሁ ጠቅላላውን 100 ሚሊሊትር ማድረስ ነው። ዱቄቱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አታፍስሱ፤ ጓንትና መነጽርም አይረሳ። ሞቅ ካደረጋችሁት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ካላሞቃችሁት አንድ ሌሊት። ቶሎ ካወጣችሁት ጡንቻው ሳይሟሟ ቀርቶ ቅርጹን ይጋርደዋል። ከረሳችሁት ስስ ሽፋኖቹ ይበሰብሱና ሰረዟ ከፊደሉ ትገነጠላለች። ከዚያ በውሃ ማጠብ፣ የቀረውን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በትንሽ አሴቲክ አሲድ ማርከስ፣ ግሊሰሪን ውስጥ ማስቀመጥ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሥዕሉ ላይ ነው። ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር ትስላላችሁ፤ ግን አቀማመጡ ከምታነጻጽሩት የዱሮ ሥዕል ጋር አንድ መሆን አለበት። ትንሽ ካዘነበለ ጥምዙ ቀጥ ብሎ ይታይና የሌለ ዝርያ ትፈጥራላችሁ። በዚያ ላይ አንድ ወንድ ብቻ ይዞ መሮጥ አይመከርም፤ የዚያ አንድ ነፍሳት ጉድለት ቢሆንስ? የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ በትንሽ ብልቃጥ ሆኖ እዚያው መርፌ ላይ፣ ከባለቤቱ ጋር ይሰካል።

ስሙ ሕጋዊ እንዲሆን አንዱን ናሙና ሆሎታይፕ (ስሙ የሚታሰርበት ዋና ናሙና) ብላችሁ በግልጽ መሰየም፣ የት ስብስብ ውስጥ እንደሚቀመጥም መጻፍ ግዴታ ነው። በኢንተርኔት ብቻ የሚታተም ከሆነ አስቀድሞ ዙባንክ (የእንስሳት ስሞች ይፋዊ መዝገብ) ላይ ይመዝገብ። ቅጽል ከሰጣችሁት ከወገኑ ስም ጋር በጾታ ይስማማ፦ ኮሪዳለስ ወንዴ ስለሆነ «ኮርኑተስ» (ባለ ቀንድ)፣ ሌላዋ ወገን ክሎሮኒያ ብትሆን ኖሮ «ኮርኑታ»።

እጩን ብቻ ይዛችሁ ስም ለማውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ... እባካችሁ ተዉ። አሳድጉት ወይም በዲኤንኤ ከወንዱ ጋር አገናኙት። እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ።