ይህ ሽጉጥ የማን ቅጂ ነው?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሩቅ ነድታችሁ የመጣችሁትን በተለይ እናመሰግናለን። የሂሳብ ሪፖርቱ ከሻይ በኋላ ስለሚቀርብ እኔ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ።

ብዙዎቻችን ይህን በድሮ ሽጉጦች ቅጂ በባሩድ የመተኮስ ጨዋታ የጀመርነው ገላው፣ ማለትም ሌሎቹን ክፍሎች የሚሸከመው አካል፣ ናስ በሆነው፣ 0.44 ኢንች ጥይት በሚጎርሰው፣ ኮልት ኔቪ በሚባለው ሽጉጥ ቅጂ ነው። ዋጋው አይከብድም፤ ሲያብረቀርቅ ደግሞ ዓይን ይስባል። ግን የማን ቅጂ ነው? የአሜሪካው ሽጉጥ ሠሪ ኮልት እ.ኤ.አ. በ1851 ያወጣው ስድስት ጎራሽ ኔቪ ገላው ብረት ነበር። ናሱ እጀታውንና ቃታውን ያቀፈው ክፍል ብቻ ነው። ልኩም 0.36 ነው። 0.44 የመጣው አርሚ በተባለው የ1860ው የኮልት ሽጉጥ ነው፤ ለዚያም ሲባል ጥይት የሚይዘው ተሽከርካሪ ክፍል፣ የሲሊንደሩ፣ ፊት ወፈር ተደርጓል። የናስና የ0.44 ኔቪ ኮልት ለገበያ አላቀረበም።

የናሱ ታሪክ ያለው የአሜሪካ ደቡቦቹ ጋ ነው። ከሰሜኖቹ ጋር በተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ብረት ሲያጥራቸው፣ ጆርጂያ ውስጥ ግሪስዎልድና ጋኒሰን የተባሉ ሠሪዎች የኮልትን አሠራር በናስ ገላ ሠሩት። እሱም ቢሆን 0.36 ነው፤ አፈሙዙም እንደ ኔቪ ባለ ስምንት ጎን ሳይሆን ድቡልቡል። ፋብሪካው በ1864 በሰሜኖቹ እጅ ተቃጠለ።

ቅጂዎቹን የሚሠሩትን የጣልያኖቹን ሙያ እያጣጣልኩ አይደለም። ብሬሺያ አጠገብ ያለችው የሽጉጥ ሠሪዎች ከተማ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ባትኖር ኖሮ ዛሬ ማን ይተኩስ ነበር? ቅጂ ሠሪው ኡበርቲ በ1959 ሥራ ጀመረ፤ የጦርነቱ 100ኛ ዓመት ሲደርስ ገበያው ደራ። ጥሩውን የኔቪ ቅጂ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ እዩት። ሲሊንደሩ ላይ ሸራ የወጠሩ መርከቦች አሉ፤ የቴክሳስ ባሕር ኃይል በ1843 ካምፔቼ ላይ ከሜክሲኮ ጋር የገጠመው ውጊያ ነው። ይህን ያህል የተጨነቀ ባለሙያ ናሱን ለምን እንደሚጨምርበት አይገባኝም። ገበያ ነው መቼስ!

ደግሞ ናስ ለስላሳ ነው። ከሲሊንደሩ ጀርባ ባለው ናስ ላይ ክብ ምልክት መታተም ከጀመረ፣ ባሩዱ በዝቶበታል ማለት ነው። ቀንሱለት።

እናም ዛሬ ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጡት ሽጉጥ ሁሉ አጠገቡ ወረቀት ይኑረው፦ የየትኛው ሽጉጥ ቅጂ እንደሆነ፣ ምኑ ከዋናው እንደሚለይ። የናስ ኔቪ ያላችሁም አትፈሩ፣ አውጡት፤ የኔም እዚያው አለ። ብቻ ባሩድም ሆነ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ካፕ ወደ አዳራሹ አይገባም፤ በር ላይ ይፈተሻል።

ጉባኤያችን ተከፍቷል።