የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ስለ ግቢ አበቦች፣ ስለ ከረጢት አፈርና ስለ ዶሮ ኩስ

ከሜልበርን፣ ከሲድኒ፣ ከብሪዝበንና ከፐርዝ የደወሉ አድማጮች ለአትክልት ባለሙያው ያቀረቧቸው ጥያቄዎችና የተሰጡት መልሶች እነሆ። ጥያቄዎቹ አጠር ተደርገዋል።

ከታርኒት፣ ሜልበርን፦ ካንጋሩ ፖው ተክዬ በመጀመሪያው ዓመት ደህና አበበልኝ። አሁን ግን ቅጠሉ ከጫፉ እየጠቆረ ቀለም የተደፋበት መስሏል። ውኃ አንሶት ነው?

ውኃ የጎደለው ቅጠል ይደርቃል እንጂ እንዲህ አይጠቁርም፣ እህቴ። ይህ ኢንክ ዲዚዝ የሚሉት የፈንገስ በሽታ ነው። እርጥበትና መጨናነቅ ያባብሰዋል፤ ቀንድ አውጣ የቦረቦረው ቅጠል ላይ ደግሞ ቶሎ ይገባል። የካንጋሩ ፖው አገሩ የምዕራብ አውስትራሊያ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ነው፤ ውኃ የማይቋጥር አሸዋማ መሬት የለመደ ተክል ነው። የእናንተ ሰፈር አፈር ግን የኛን መረሬ ነው የሚመስለው፤ ሲዘንብ ጫማ ይዞ ይቀራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

አበባው ሲያልቅ፣ ረጅሙ ዓይነት ከሆነ፣ የጠቆረውንም ያልጠቆረውንም ቅጠል ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ አስቀርተው ይጨዱት። አጭሩ ዓይነት ከሆነ ያበበውን ግንድ ከነቅጠሉ ከሥሩ ያውጡ። መቀሱን በአልኮል ይጥረጉ፤ የታመመውን ቅጠል ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት። ውኃውን ጠዋት፣ ከሥሩ ያጠጡ፤ ቅጠሉ ላይ አያርከፍክፉ። ሚያዝያ ገደማ ነቅለው ለሁለት ለሦስት ይክፈሉትና 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ መልሰው ይትከሉት። መደቡን ለመሙላት የከረጢት አፈር ከገዙ ማስክ ያድርጉ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ በሰፊው እመጣበታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፐርዝ ኪንግስ ፓርክ የማዳቀል ሥራ የወጣው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሐምራዊ ቀለም ያለው ማስከሬድ የሚባለው ዝርያ ብዙ ሰው አስጎምጅቷል። ቆንጆ ነው፤ ግዙት። ነገር ግን አዲስ ዝርያ ስለሆነ ጭቃ ይችላል ማለት አይደለም፤ እሱም መደብና ፀሐይ ይፈልጋል።

ከባላራት፦ አሚስታድ የሚባለውን ሐምራዊ ሳልቪያ መቼ ልግረዘው?

ከባዱ ውርጭ ሲያልፍና ከሥሩ አዲስ ቡቃያ ሲታይ፣ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው። ቀድመው ከገረዙት ለጋው ቡቃያ በውርጭ ይመታል።

ከፉትስክሬይ፣ ሜልበርን፦ የምኖረው ፎቅ ላይ ነው። በርዝደይ ካንድልስ የምትባለውን ትንሿን ባንክሲያ በረንዳዬ ላይ በፖት ልተክል ነው። አፈሩን ወጥ ቤት ወለል ላይ ዘርግቼ በእጄ ነው የማቦካው። የትኛው ፖቲንግ ሚክስ (በከረጢት የሚሸጠው የፖት አፈር) ይሻለኛል?

የአፈሩ መልስ አጭር ነው፣ እናቴ። ከረጢቱ ላይ ለአገሬው ተክል የተዘጋጀ መሆኑ የተጻፈበትን፣ የአውስትራሊያ ስታንዳርድ ምልክት ያለውን ይግዙ። ያቺ ባንክሲያ ቁመቷ ከግማሽ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ወደ ጎን ግን ትሰፋለች፤ ፖቱ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው።

አሁን ወደ ወለሉ ልምጣ። እባክዎ ይህን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። እርስዎን ብቻ አይደለም የምለው፤ በየሳምንቱ የምሰማው ነገር ነው። ከረጢቱን ደረታችን ላይ አስደግፈን እንቀደዋለን፣ ፊታችንን አስጠግተን እናሸተዋለን፣ በባዶ እጅ እናገላብጠዋለን፣ ከዚያ እጃችንን ቀሚሳችን ላይ ጠረግ አድርገን እንጀራ እንቆርሳለን።

እዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው የተፈጨና የበሰበሰ የዛፍ ቅርፊት ነው። ሌጂዮኔላ ሎንግቢቺ የሚባል ባክቴሪያ እንዲህ ባለ ሞቅ ያለ ብስባሽ ውስጥ ይራባል። አፈሩ ደርቆ ሲቦን ከአቧራው ጋር ወደ ሳንባ ይገባል፤ ባልታጠበ እጅ ወደ አፍ የሚሄድበትም መንገድ አለ። የሚያመጣው በሽታ ከባድ የሳንባ ምች ነው፤ ሰው ገድሏል። ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ በ1980ዎቹ መጨረሻ የታመሙ ሰዎች ሲጠኑ ነው ነገሩ ከፖቲንግ ሚክስ ጋር መያያዙ የታወቀው። ከረጢቱ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነ፣ ሲጋራ የሚያጨሱ፣ ስኳር ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ የሰውነታቸውን መከላከያ የሚያደክም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የበለጠ ይጠቃሉ።

«አገር ቤት አፈር እየነካን አይደል ያደግነው?» የሚሉኝ አሉ። የነካነው ነፋስና ፀሐይ የሚያገኘውን የሜዳ አፈር ነው። ይህኛው ግን በፕላስቲክ ታፍኖ ሲሞቅ የከረመ ብስባሽ ነው፤ አንድ አይደሉም።

እንዲህ ያድርጉ። ከረጢቱን በረንዳ ላይ ያውጡ፤ በረንዳው በመስታወት የተዘጋ ከሆነ ደግሞ ታች ደጅ ይውረዱ። ነፋሱ ከጀርባዎ ይሁን። ፒ2 የሚባለውን፣ ደቃቅ አቧራ የሚያጣራውን ማስክና ጓንት ያድርጉ፤ ነጠላ አፍ ላይ መሸፈን አይተካውም። የከረጢቱን አንድ ጥግ ብቻ ፊትዎን አርቀው በመቀስ ይቁረጡ፤ አይቅደዱት። በቀዳዳው አንድ ሊትር ያህል ውኃ ቀስ ብለው ያፍሱና አፈሩ እስኪርስ ይጠብቁ። ከዚያ በአካፋ ዝቅ አድርገው ወደ ፖቱ ይጨምሩ፤ ከላይ አይገልብጡት። ሲጨርሱ ወለሉን ውኃ ረጭተው ይጥረጉ፤ ደረቁን አይጥረጉት። ጓንት አድርገውም ቢሆን ከመብላትዎ፣ ከመጠጣትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የተረፈውን አፍ አስረው ፀሐይ የማይመታው ቦታ ያኑሩ። መኪና ውስጥ አያሳድሩት። የልጅ ልጆች ካሉ፣ ሥራው እስኪያልቅ ከአጠገብዎ ይራቁ።

ከብላክታውን፣ ሲድኒ፦ ሞንላይት የተባለውን ግሬቪልያ በዶሮ ኩስ ተንከባክቤ ነበር። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆነ፣ ጫፉ ተቃጠለ፤ አሁን ሊሞት ነው። ምን አጎደልኩ?

አብዝተው ሰጡ እንጂ ምንም አላጎደሉም። ግሬቪልያ፣ ባንክሲያና ዋራታ አንድ ቤተሰብ ናቸው። በጣም ደሃ ከሆነ አፈር ውስጥ ፎስፈረስ ለቅመው የሚኖሩ በመሆናቸው ብሩሽ የመሰለ፣ የተጠቀጠቀ ልዩ ሥር አላቸው። ያ ሥር «በቃኝ» ማለት ላይችል ይችላል፤ ፎስፈረስ በብዛት ሲያገኝ ይስባል፣ ተክሉ ይመረዛል። የዶሮ ኩስ ለጎመንና ለጽጌረዳ መልካም ነው፤ ለእነዚህ ግን መርዝ ነው። ከደምና ከአጥንት የሚሠራው ማዳበሪያ ይብሳል፤ አጥንት ፎስፈረስ ነውና።

አሁን ከላይ ያለውን ኩስ ጠርገው ያንሱ፣ አፈሩ ውኃ የሚያሳልፍ ከሆነ ደጋግመው በደንብ ያጠጡት፣ ሌላ ምንም አይስጡት። ብረት የጎደለው ስለሚመስል ቼሌት የሆነ፣ ማለትም ተክሉ በቀላሉ የሚወስደው ብረት መርጨት አንዳንዴ ቅጠሉን ይመልሰዋል፤ ዋናው ግን ጊዜ ነው። ወደፊት ማዳበሪያ ሲገዙ ፎስፈረስን የምታመለክተውን ፒ (P) የምትለዋን ፊደል ይፈልጉና ቁጥሩ ከ2 በመቶ በታች የሆነውን ብቻ ይውሰዱ፤ እሱንም መለያው ከሚለው በግማሽ።

ከዳንደኖንግ፣ ሜልበርን፦ የቡና አተላ ለአበባ ይሆናል?

ኮምፖስት ውስጥ ከደረቅ ቅጠል ጋር ይሁን። በየቀኑ ሦስት ጀበና እያፈሉ አተላውን አንድ ፖት ላይ ከደፉት ይጠጥርና ውኃ አላሳልፍ ይላል፤ ለጋ ችግኝንም ያቀጭጫል።

ከፐርዝ፦ ለእንቁጣጣሽ ቤቴ ፊት አደይ አበባ ማየት እፈልጋለሁ። እህቴ ዘሩን በፖስታ ብትልክልኝስ?

አይላክ። ናፍቆቱ ይገባኛል፤ ግን ብዙ ዓይነት ዘር ያለ ፈቃድ ወደ አውስትራሊያ አይገባም፤ በሻንጣ ይዘው ከመጡም የመግቢያ ካርዱ ላይ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ ከሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች ለሚመጣ ተክል እንኳ የራሷ ቁጥጥር አላት። ለከንቱ አይደለም፤ የአደይ ዘመዶች የሆኑ፣ ፍሬያቸው ልብስ ላይ የሚሰካ አረሞች ኩዊንስላንድን አስቸግረዋል።

ግን ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። መስከረም እዚህም የቢጫ አበባ ወር ነው። ከ1988 ጀምሮ የአገሪቱ መለያ የሆነው ጎልደን ዋትል የሚያብበው በክረምቱ ማብቂያና በዚያው ሰሞን ነው፤ የዋትል ቀን የሚከበረውም ሴፕቴምበር 1፣ እንቁጣጣሽ ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው ነው። ሰፊ ግቢ ካለዎት እሱን ይትከሉ። ከአደይ ጋር አንድ ወገን የሆነች፣ ባይደንስ ተብላ ችግኝ መሸጫ የምትገኝ ቢጫ አበባም አለች፤ በፖት ታምራለች፤ ሰፈራችሁ መሸጫ ካለ ጠይቁ። ሲተክሏት የከረጢቱን አፈር አርጥበው፣ ማስክ አድርገው።

ከሎጋን፣ ብሪዝበን፦ ጎረቤቴ ትልልቅ ወደ ታች የተንጠለጠለ ደወል የሚመስል አበባ ያለው ዛፍ ቁራጭ ሰጠችኝ። ማታ ማታ ይሸታል። ትንሽ ልጅ አለኝ፤ ችግር አለው?

አለው። ኤንጀልስ ትራምፔት ነው፤ እኛ አጤ ፋሪስ ወይም አስተናግር የምንለው ዘመድ ነው። ቅጠሉም አበባውም ዘሩም መርዝ ነው፤ ልብ ያስሮጣል፣ ያስቃዣል። ገርዞ ዓይኑን ያሸ ሰው ብሌኑ ሰፍቶ ድንገተኛ ክፍል የሚሄድበት ጊዜ አለ። ልጁ እስኪያድግ አይትከሉት። ኦሊያንደር የሚባለው የአበባ ቁጥቋጦም እንደዚሁ መርዝ ነው፤ ግንዱን ለጥብስ ስጋ መሰኪያ አታድርጉ፣ ማገዶም አታድርጉት፤ ጭሱ ራሱ ይጎዳል። ልጅ አፉ ውስጥ ካደረገ ምልክት አይጠብቁ፤ የመርዝ መረጃ ማዕከል 13 11 26 ቀንና ሌሊት ይሠራል። ልጁ ከወደቀ ወይም መተንፈስ ካቃተው 000 ይደውሉ።

ከዌሪቢ፣ ሜልበርን፦ መለያው ላይ የአራቢው መብት የተጠበቀ ነው የሚል ምልክት ያለበትን አዲስ አበባ እየቆረጥኩ አባዝቼ ገበያ ብሸጥስ?

ለራስህ ግቢ ማባዛት ትችላለህ፣ ልጄ። ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መሸጥ ግን በሕግ ያስጠይቃል። ጥበቃው ለአብዛኛው ተክል 20 ዓመት፣ ለዛፍና ለወይን 25 ዓመት ነው። ለመሸጥ ካሰብክ ምልክቱ የሌለበትን ነባር ዝርያ ምረጥ።

ከሲድኒ፦ ሮቢን ጎርደን የሚባለውን ግሬቪልያ ከገረዝኩ በኋላ ክንዴ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ወጣ። ምን ልቀባው?

ያ ዝርያ ቆዳ በማስቆጣት የታወቀ ነው። ለሽፍታው ቅባት እኔ አላዝም፤ የቤተሰብ ሐኪምዎ (ጂፒ) ይየው። ወደፊት ረጅም እጅጌና ጓንት።

ከሰንሻይን፣ ሜልበርን፦ አባቴ 68 ዓመቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጋራዥ ውስጥ በሩን ዘግቶ ስድስት ከረጢት ፖቲንግ ሚክስ ሲያገላብጥ ዋለ። ከትናንት ጀምሮ ትኩሳትና ደረቅ ሳል አለው፤ ጉንፋን ነው ይላል።

ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ ግን ቤት ቁጭ ብሎ የሚጣራ ነገር አይደለም። ቀደም ሲል ያነሳሁት የሌጂዮኔላ በሽታ አፈሩ ከተነካ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀን ባለው ውስጥ ይጀምራል፤ አባትህ እዚያው ላይ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰደው፤ መተንፈስ ከከበደው ወይም ከቀባጠረ 000 ደውል። ሐኪሙ ካልጠየቀህም አንተ ንገረው፦ «ፖቲንግ ሚክስ ነክቷል» በለው። ቶሎ የሚደረገው የሽንት ምርመራ ይህን ዓይነት ሌጂዮኔላ ስለማያሳይ፣ አክታ መመርመር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ተራ የፔኒሲሊን ዓይነት መድኃኒትም አይገድለውም። በሽታው ምን እንደሆነ እኔ በስልክ ልነግርህ አልችልም፤ አሁን ስልኩን ዝጋና ወደ አባትህ ሂድ።